ሳላንኳኳ የገባሁባቸው ቤቶች

ሁለት ሰዎች ሲጠፋፉ የጠፋው የትኛው ነው?

ይህን ጥያቄ ከልጅነቴ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። መቼም እናንተም ላይ ሳይደርስ አይቀርም። ሰርግ ቤት ወይም ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጣችሁ ሳለ አንድ የምታውቁት ሰው ከኋላ ይመጣና፣ ገና ሰላምታውን ሳይጀምር «ጠፋሽ» ይላል። እሱ አልደወለም፣ እናንተም አልደወላችሁም። ነገር ግን ክሱን ቀድሞ ያቀረበ ያሸንፋል። እኔ በሕይወቴ አንድ ጊዜ እንኳ ቀድሜ «ጠፋህ» ብዬ አላውቅም፤ ከሳሽ መሆን ድፍረት ይጠይቃል። መሬት መሬት እያየሁ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ። ያልበዛብኝን ሥራ።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ስልክ እፈራለሁ። ስልኬ ሲጠራ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ እንደምሰማው ነው የምሰማው። አንጀቴን ይበላዋል፤ ሆኖም የሚያነሳው ሌላ ሰው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መጽሐፍ ይሻለኛል። መጽሐፍን ዓመት ሙሉ ትታችሁት ብትመለሱ አያኮርፍም፤ ያቆማችሁበት ገጽ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

እንዲህ ያለ ሰው ምን ሥራ ይይዛል? ትሉ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሰው የተፈጠረ ሥራ አለ። እዚህ በሰው አገር፣ ግሮቭፖርት በሚባል ከተማ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች የአንዱን ኮምፒውተሮች ሬይኖልድስበርግ ካለው አፓርትመንቴ ሆኜ፣ በፒጃማ፣ ከሩቅ እጠብቃለሁ። በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ይቀመጣል። ፈረንጆቹ ኤጀንት ይሉታል፤ እኔ በልቤ «ወኪል» ነው የምለው። ወኪሉ በየደቂቃው ወደ ማዕከላዊው ሰርቨር ይደውልና «አለሁ፤ ምን ልታዘዝ?» ይላል። ሰርቨሩም ያዘዋል። ወኪሉ ደህና ከሆነ እኔ የማየው ገጽ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ዝም ካለ መብራቱ ይቀላል። በቃ፤ ሥራው ይኸው ነው።

የሙያው ትልቁ ጥያቄ ማን ለማን ይደውል የሚለው ነው። ማዕከሉ ወኪሎቹን እየዞረ ይጠይቅ ወይስ ወኪሎቹ ራሳቸው ወደ ማዕከሉ ይደውሉ? ሊቃውንቱ ከተስማሙ ቆይተዋል፤ ወኪሉ ይደውል። የሰው ቤት የኢንተርኔት በር ከውጭ ለሚመጣ እንግዳ አይከፈትም፤ ከውስጥ ለሚወጣ ግን ይከፈታልና። ይህን ዩኒቨርሲቲ ስማር የተሰማኝን እርካታ አልረሳውም። የሰው ልጅ ሺህ ዓመት ሲጨቃጨቅበት የኖረውን ጉዳይ ኮምፒውተሮች በአንድ ሴቲንግ ጨርሰውታል። «ጠፋህ» የለ፣ «አንተ ነህ እንጂ» የለ።

ኮሮና ሲመጣ እንግዲህ እድራችን ወደ ቪዲዮ ስብሰባ ዞረ።

«እድራችን» ስል አፌን ሞልቼ አይደለም፤ እኔ አባል አልነበርኩም። አባል መሆን ስልክ ማንሳት ነው። ይሁን እንጂ ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ ከኤርፖርት የተቀበሉኝ እትዬ ብርቄ የእድሩ ነባር ናቸው። እዚሁ ጎረቤት ከተማ፣ ጋሃና ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ አንድ ልጃቸው ሌላ ስቴት ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ደግሞ ጋሼ ተፈራ ናቸው፤ ኤርፖርትና ፓርኪንግ መካከል ሰው የሚያመላልስ መኪና ይነዳሉ። ስብሰባው ከአዳራሽ ወደ ስክሪን ሲገባ፣ እትዬ ብርቄ «ኮምፒውተር የተማረች ልጅ አለችኝ» ብለው ስልኬን ለሁሉም አደሉት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በአንድ እሑድ ከዚያ በፊት በዕድሜዬ ካነሳሁት በላይ ስልክ አነሳሁ። «ሕሊናዬ፣ ድምፄ አይሰማም እያሉኝ ነው።» «ሕሊና፣ ሰብሳቢው ተዘቅዝቀው ነው የሚታዩኝ።» «ልጄ፣ እኔ ለራሴ እታያለሁ፤ ሌላው ሰው የት ሄደ?» ቢያንስ ችግሩ ላይ ቶሎ ቢደርሱ ምን ነበር። መጀመሪያ ጤናዬ፣ ቀጥሎ የእናቴ ጤና፣ ቀጥሎ የአገር ነገር፤ ድምፅ የማጥፊያዋ ቁልፍ ላይ የምንደርሰው ሁላችንም ከደከመን በኋላ ነው።

ያኔ ነው ያ ብልጠት የመጣልኝ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከካፖርቴ ሥር አስቀምጬ ሰርቨር አደረግሁት። ማስኬን አጥልቄ ከሬይኖልድስበርግ እስከ ጋሃና በየቤቱ ዞርኩ። ሰዎቹ ላፕቶፓቸውን በደጅ አቀበሉኝ፤ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ለእያንዳንዱ ወኪል ጫንኩለት። ከእንግዲህ የተበላሸ ነገር ካለ ከቤቴ ሆኜ ገብቼ፣ አስተካክዬ፣ ውልቅ ነው። ስልክ የለም።

ወኪሉ ሲጫን ጥቂት ጥያቄዎች ይጠይቃል። አንዱ «ከመግባቴ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ልጠይቅ?» የሚል ነው። «አትጠይቅ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። (ለራሴ እንደዚያ ነው የነገርኩት። ፈቃድ ከተጠየቁ መልስ ይሰጣሉ፤ መልስ ከሰጡ ወሬ ይጀመራል።) ሌላው ጥያቄ «የማዕከሉ አድራሻ የት ነው?» ይላል። እዚህ ላይ ስም መስጠት ይቻላል፣ ቁጥርም መስጠት ይቻላል። ስም ብትሰጡት ሰርቨሩ ቤት ቢቀይር እንኳ ወኪሉ ስሙን ጠይቆ ያገኘዋል። ቁጥር ብትሰጡት ያችን በር ብቻ ነው የሚያውቀው። የአገሬ ሰው ቤቱን በቁጥር አስረድቶ አያውቅም፤ «ወፍጮ ቤቱን አለፍ ብለሽ፣ የእነ እንትና ቤት በይ፣ ያሳዩሻል» ነው የሚለው። እኔ ግን በርዶኝ ነበር፤ ስም ማውጣት ጊዜ ይወስዳል። የቤቴን የኢንተርኔት ቁጥር ጻፍኩና ሄድኩ። በሥራ ቦታዬ ይህን ያደረገ ሰው ባገኝ ረጅም ኢሜይል እጽፍለታለሁ።

በመጨረሻም ለእያንዳንዳቸው አንድ ነገር አስተማርኩ። «ይኸውልዎት፣ ከታች ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ ከሆነች ሕሊና አለች ማለት ነው።»

ወራት በሰላም አለፉ። እሑድ ከስብሰባው በፊት በየቤቱ እገባለሁ፣ ድምፁን እከፍታለሁ፣ የተዘቀዘቀውን አቃናለሁ፣ እወጣለሁ። እቃ የሚያስቀምጥ ሌባ ብትሉኝ ትክክል ነው። በራሴ በጣም ኮርቼ ነበር። ሰውን ሳያናግሩ መርዳት ይቻላል፤ ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ክትባቱ ለሽማግሌዎች መሰጠት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ጋሼ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ልጃችን ሕሊና ብዙ ረድታናለች፤ እግዜር ይስጣት። ግን አንድ ነገር አለ። በር ሳታንኳኳ ትገባለች፤ ደህና ዋሉ ሳትል ትወጣለች። ይኼ በእኛ ዘንድ ምን ይባላል?»

«እኔንማ ሻሼን ሳላስር ነው የገባችብኝ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አታይዎትም እኮ፣ እትዬ ብርቄ» አሉ ጋሼ ተፈራ። «ስክሪኑ ላይ ያለችውን ቀስት ነው የምታንቀሳቅሰው።»

«ባታየኝስ? እኔ አያታለሁ። ቀስቷ ጎርደድ ጎርደድ ስትል ሰው ቤቴ እንደገባ ነው የማየው። ብይ አልላት፣ ተቀመጪ አልላት። ምን ላድርግ?»

ስብሰባው ሳቀ። «ሕሊና፣ አለሽ?» አሉ ጋሼ ተፈራ።

ነበርኩ። ካሜራዬ ተዘግቷል፣ ድምፄ ተዘግቷል፣ ጆሮዬ እንደ ምጣድ ግሏል። የሚጠበቅብኝ «አለሁ፤ ይቅርታ» ማለት ብቻ ነበር፤ ሕፃን ልጅ የሚላት ዓረፍተ ነገር ናት። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የኢንተርኔቱን ገመድ ነቀልኩ። ሰው ኢንተርኔት ይቋረጥበታል አይደል? የማንም ጥፋት አይደለም። ስብሰባው ካለቀ በኋላ መልሼ ሰካሁት።

በዚያው ሳምንት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ እኛ ሰፈር መብራት ጠፋና ተመለሰ። በማግስቱ የሰርቨሬን ገጽ ስከፍት ሁሉም መብራቶች ቀልተዋል። የጋሼ ተፈራ ቀይ፣ የእትዬ ብርቄ ቀይ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ።

ተቀመጥኩ። ወዲያው ገባኝ። ተሰብስበው ወስነዋል፤ በአንድ ቃል ነቅለው ጥለውኛል። ማን እንዴት መንቀል እንዳሳያቸው እንኳ አልጠየቅሁም። ድምፅ መክፈት ያቃታቸው ሰዎች በአንድ ሌሊት ወኪል ማጥፋት እንዴት ቻሉ አላልኩም። ዓይን አፋር ሰው ማስረጃ አይፈልግም፤ ፍርዱን ቀደም ብሎ ያውቀዋል።

«ጥሩ» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተገላገልኩ።» ሻይ አፈላሁ፣ መጽሐፌን ገለጥኩ፣ አንዱን ገጽ ደጋግሜ አነበብኩ። በየመካከሉ እየተነሳሁ ቀዮቹን መብራቶች አያለሁ። ለምን እንደማያቸው አላውቅም፤ ተገላግዬ የለ። ስልኬ መጮህ ሲጀምር «ሊያረዱኝ ነው» ብዬ ድምፁን አጥፍቼ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ሰሞን ያወቅሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ ማንም ያልጠራችሁ ቤት ውስጥ ሁልጊዜ መግባት ስትችሉ ቆይታችሁ ድንገት በሩ ሲዘጋ፣ ብርዱ የሚመጣው ከውጭ አለመሆኑን ነው።

በዚህ ኀዘን መካከል ከግሮቭፖርት አንድ ባልደረባዬ መልእክት ላከልኝ። ከሕንፃዎቹ አንዱ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች በሙሉ ባንዴ እንደጠፉበት፣ ሰው ሰርዟቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ተንቀባርሬ መለስኩለት። «ሁሉም ባንዴ አይሰወሩም። ሁሉም ከጠፉብህ የጠፋኸው አንተ ነህ። መጀመሪያ የራስህን ሰርቨር እይ።» መልሴ እንዴት እንዳማረብኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ ላክሁት፣ ወደ ኀዘኔ ተመለስኩ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ሰው እንዲህ ባለው ቀን ፒጃማ ለብሶ ነው የሚውለው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬ ተንኳኳ። በቀዳዳው ባይ፣ ጋሼ ተፈራና እትዬ ብርቄ ማስክ አጥልቀው፣ ራቅ ራቅ ብለው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። እትዬ ብርቄ በፎጣ የተጠቀለለ ድስት ይዘዋል። ሊያሰናብቱኝ የተላኩ ሽማግሌዎች መሆናቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ድስቱ ምን እንደሚሠራ ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው ቤት ሳላንኳኳ የምገባው ሴትዮ፣ ተንኳኩቶልኝ በራሴ በር ጀርባ እንደ ሌባ ተለጠፍኩ።

«አትከፍትም» አሉ ጋሼ ተፈራ።

«ወድቃ ቢሆንስ?»

«ቆይ ኮል ላድርግላት።»

ካልሲ መሳቢያው አጉረመረመ። ድምፅ ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር፤ መንቀጥቀጡን ረስቼዋለሁ።

«ስልኳ ውስጥ ነው» አሉ እትዬ ብርቄ፤ ድምፃቸው ተለወጠ። «ተፈራ፣ ስልኳ እውስጥ ነው። ልጅቷ ውስጥ ናት። በሩን ስበረው።»

«እኔ? በዚህ ወገቤ?»

እዚህ ላይ ነው የከፈትኩት። ለጋሼ ተፈራ ወገብ ብዬ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን የእትዬ ብርቄን ያን ድምፅ ሰምቼ መቆም አለመቻሌ ነው።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፒጃማዬን፣ ፀጉሬን፣ በእጄ ያለውን መጽሐፍ።

«አለሽ?» አሉ።

«አለሁ።»

«አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ግድግዳውን ተደገፉ። ቀስ ብለው «ጠፋሽ» አሉኝ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተብያለሁ። እንዲህ ግን ተብዬ አላውቅም ነበር።

«መብራቷ ቀላች» አሉ ጋሼ ተፈራ፣ እንደ ምስክር። «አረንጓዴ ከሆነች ሕሊና አለች ብለሽ የለ? ቀላች። ልጄን ጠራሁና አሳየኋት፤ አየት አድርጋ ‹ኦፍላይን ናት፣ ዳድ› ብላኝ ወደ ክፍሏ ገባች። እትዬ ብርቄ ጋ ብደውል እሳቸውም ዘንድ ቀልቷል። ሁሉም ጋ ደወልኩ፣ ሁሉም ጋ ቀልቷል። አንቺ ጋ ብደውል አታነሺም። በዚህ በሽታ ጊዜ ሰው ምን ይላል?»

«የሁላችሁም?» አልኩ።

«የሁላችንም። ባንዴ።»

ሁሉም ከጠፉብህ የጠፋኸው አንተ ነህ። ከራሴ ጣት የወጣ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የኢንተርኔት ድርጅቱ ለቤቴ አዲስ የኢንተርኔት ቁጥር ሰጥቷል፤ ማንም ቤት ላይ የሚደርስ ተራ ነገር ነው። ወኪሎቼ ግን የያዙት የድሮውን ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ለሌላ ቤት ተሰጥቷል። የእድሩ ኮምፒውተሮች በሙሉ ያን ሁሉ ቀን የአንድ የማናውቀውን ሰው በር ሲያንኳኩ ከርመዋል ማለት ነው። የነቀለኝ ሰው አልነበረም። የነቀልኩት እኔ፣ መጀመሪያ በገመድ፣ ቀጥሎ በስንፍና።

«እኔ ደግሞ» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ያባረራችሁኝ መስሎኝ ነበር። ለዚያ ለእሑዱ።»

ጋሼ ተፈራ እትዬ ብርቄን አዩ። እትዬ ብርቄ እኔን አዩ።

«አንቺ ከወጣሽ በኋላማ ተነጋግረናል» አሉ እትዬ ብርቄ። «የተነጋገርነው ስትገቢ ትንሽ ተቀመጪ እንድንልሽ ነው። ማን ነው እንግዳ የሚያባርር?» ከዚያ ድስቱን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ምስር ነው። ከሰል እንዳታስመስይው፣ ቀስ ብለሽ አሙቂው።»

አሁን ቅጣቱን ስሙ። ወኪል መንገዱ ከጠፋበት ከሩቅ ልትመልሱት አትችሉም፤ የምትመልሱበት መንገድ ያው የጠፋው መንገድ ነውና። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አድራሻውን በእጁ መቀየር አለበት። ስለዚህ ስልክ ላለመደወል ብላ ይህን ሁሉ የሠራችው ሴት፣ ለእያንዳንዱ የእድርተኛ ቤት ስልክ ደወለች። አንድ በአንድ። ሁሉም «ጠፋሽ» አሉኝ፤ ጤናዬን ጠየቁ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ ወደ አድራሻዋ ሳጥን የደረስነው ሻይ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ የሰጠኋቸው ቁጥር ሳይሆን ስም ነው። አንዱ አባት ስሙን ሆሄ በሆሄ ስነግራቸው «ይኼ ቀላል አይደለም እንዴ፤ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትዪን ምን ነበረበት?» አሉኝ። ምንም አልነበረበትም። በርዶኝ ነበር።

እትዬ ብርቄ ጋ ግን በስልክ አልሆነልንም፤ መነጽራቸው ጠፍቷል። ወደ ጋሃና ነዳሁ። ላፕቶፑን በደጅ አቀበሉኝ፣ እኔ በረንዳው ላይ ከነካፖርቴ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው በመስኮቱ መስተዋት በኩል ቁጭ ብለው ያዩኛል። አድራሻውን ከመቀየሬ በፊት፣ ለወጉ ያህል፣ ወኪሉ የሚጽፈውን የራሱን ማስታወሻ ከፈትኩት። «ደወልኩ፤ አልተከፈተም፤ እንደገና እሞክራለሁ» ይላል። ከሥሩም «ደወልኩ፤ አልተከፈተም፤ እንደገና እሞክራለሁ።» እያወረድኩ ሄድኩ፤ አያልቅም። እኔ ተባረርኩ ብዬ ሳኮርፍ፣ ሻይ ሳፈላ፣ ስልኬን ከካልሲ ጋር ሳስተኛ፣ ይህ ምስኪን ፕሮግራም እትዬ ብርቄ ሳሎን ውስጥ ሆኖ ሳይቀየም ያንኳኳ ነበር። ቀና ስል እትዬ ብርቄ በመስተዋቱ ውስጥ እጃቸውን ያውለበልቡልኛል። ለምን ዓይኔ እንደረጠበ በምልክት ጠየቁኝ። ብርዱ ነው አልኩ በምልክት።

የልጅነት ጥያቄዬ መልስ አገኘ ብዬ አላታልላችሁም። ሁለት ሰዎች ሲጠፋፉ የጠፋው የትኛው እንደሆነ አሁንም አላውቅም። ስልክ ሲጠራም አሁንም የሚያነሳው ሌላ ሰው መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። ሰው በአንድ ድስት ምስር አይለወጥም።

ሴቲንጉን ግን ለውጫለሁ። «ከመግባቴ በፊት የባለቤቱን ፈቃድ ልጠይቅ?» ለሚለው «ጠይቅ» ብያለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከስብሰባው በፊት አስቀድሜ እደውላለሁ። «እትዬ ብርቄ፣ ልገባ ነው» እላለሁ። «ቆይ፣ ሻሼን ላድርግ» ይሉኛል። እጠብቃለሁ። ካሜራ እንደሌለ፣ እንደማላያቸው፣ ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አልሰሙኝም። ማስረዳቱን ለመተው ወስኛለሁ። በምትኩ፣ ከመደወሌ በፊት ተነስቼ ፒጃማዬን እቀይራለሁ፤ ፀጉሬንም አበጥራለሁ።